ከመጉረስ ማንበብ ይቅደም

ስለ ታሸገ ምግብና ስለ ምግብ አለርጂ ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተሰጠ ንግግር



ከዚህ ቀደም ስንገናኝ ስለ ውሃ ማፍላት፥ ስለ እጅ መታጠብ፥ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ዝንብ ተነጋግረናል። ያ ሁሉ ንግግራችን ከዓይን ስለ ተሰወሩት ተዋሲያን ነበር። ዛሬ የምናነሣው ግን ተዋሲያንም አይደለም፥ ቆሻሻም አይደለም። ንጹሕ ከሆነ፥ ከሚጣፍጥና ለጎረቤት ልጆች ሁሉ ከሚስማማ ምግብ ውስጥ ሆኖ አንዱን ልጅ ብቻ ለይቶ ስለሚያጠቃ ነገር ነው። ይህንን ሐኪሞች የምግብ አለርጂ ይሉታል።

ነገሩን ከታሸገ ምግብ ጋር አያይዘን የምንናገርበት ምክንያት አለን። ዱሮ በገበሬ ቤት የሚበላው ሁሉ የሚታወቅ ነበር። እናት እህሉን ራሷ ለቅማ፥ ራሷ ቆልታ፥ ራሷ አስፈጭታ፥ ራሷ አቡክታ ስለምታቀርበው፥ በመሶቡ ላይ ያለው ከምን ከምን እንደ ተሠራ ብትጠየቅ ሳታመነታ ትናገራለች። ዛሬ ግን በገጠር ቀበሌ ሳይቀር ሱቅ ተከፍቷል። ብስኩቱ፥ መኮሮኒው፥ የወተት ዱቄቱ፥ የሕፃናት ገንፎ ዱቄቱ፥ ከረሜላው፥ ዐረብ አገር ያለች እህት የላከችው ቸኮሌት ከቤታችን ይገባል። ይህን ያዘጋጀውን እጅ አናውቀውም፤ ምን እንደ ጨመረበትም አላየንም። ያለን ምስክር በእሽጉ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ጽሑፍ ብቻ ነው። እንግዲህ ምስክሩን ሳንጠይቅ ለልጅ ማጉረስ አይገባንም።

አለርጂ ምንድን ነው?

በሰውነታችን ውስጥ እንደ ዘበኛ ሆኖ የሚጠብቀን ኃይል አለ። ተዋሲያን ሲገቡ ይዋጋቸዋል። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ይህ ዘበኛ ሌባንና እንግዳን መለየት ይሳነዋል። በሰላም የመጣውን እንቁላል ወይም ወተት እንደ ጠላት ቈጥሮ ዱላውን ያነሣበታል። በዚያ ውጊያ የሚጐዳው የቤቱ ባለቤት፥ ማለት ልጁ ራሱ ነው።

ስለዚህ ይህ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የእናትም ጥፋት አይደለም፤ ቡዳም አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ደግሞም ምግቡ ስለ ተበላሸ የመጣ አይደለም። ከዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ያዙልን። ውሃ ይፍላ፥ ወተት ይፍላ እያልን ስናስተምራችሁ ኖረናል፤ ይህም ትክክል ነው፤ ተዋሲያንን እሳት ይገድላቸዋልና። አለርጂ የሚያስነሣው ግን በምግቡ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ስለ ሆነ፥ አፍልቼዋለሁና፥ ቆልቼዋለሁና ከእንግዲህ አይጐዳውም ማለት አይቻልም። የተቆላ ኦቾሎኒ ያው ኦቾሎኒ ነው። የፈላ ወተትም ያው ወተት ነው።

ምልክቱ እንዴት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ከበላ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። ገላው ሳማ እንደ ለበለበው ሆኖ ይንደረደራል፥ ያሳክከዋል። ከንፈሩ፥ የዓይኑ ቆብ ወይም ፊቱ ያብጣል። ያስመልሰዋል፥ ሆዱን ይቈርጠዋል፥ ያስቀምጠዋል። ሲብስ ደግሞ ድምፁ ይዘጋል፥ ያስለዋል፥ ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል፥ ፊቱ ይገረጣል፥ ራሱን ይስታል።

ይህ ሲሆን ብዙ ቤት ‹ምች መታው› ይባላል። ጉሮሮው ሲያብጥም ‹እንጥሉ ወረደ› ተብሎ ለማስቈረጥ ይኬዳል። እናቶች ሆይ፤ ይህ እጅግ አደገኛ ነገር ነው። ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ጉሮሮው ሲቈረጥ ደም ይፈስሰዋል፥ ቁስሉም ይመረቅዛል፤ ይልቁንም ሕይወቱን ሊያድን የሚችለው ጊዜ ያልፋል። መድኃኒቱ በጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን የሚባል መርፌ ነው። እሱም የሚገኘው ከጤና ጣቢያ ወይም ከሆስፒታል ነው።

ከብዙው ሰው ጋር የማይስማሙት ምግቦች የትኞቹ ናቸው?

ሰው በማንኛውም ምግብ አለርጂ ሊይዘው ይችላል። ሆኖም ብዙውን ጊዜ የሚያስነሡት ታውቀዋል። እነርሱም የላም ወተት፥ እንቁላል፥ ኦቾሎኒ፥ ስንዴ፥ አኩሪ አተር፥ ሰሊጥ፥ ዓሣ፥ እንደ ካሹ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፥ እንዲሁም ሸርጣንና የእሱ ወገን የሆኑ የባሕር እንስሳት ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት ቀድሞ 8 ምግቦች በእሽግ ላይ በግልጽ እንዲጻፉ ያስገድድ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከጥር 2023 ጀምሮ ሰሊጥን 9ኛ አድርጎ ጨምሮበታል። በሑመራና በመተማ ቆላ የሚዘራው የኛው ሰሊጥ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ 14 ዓይነት ነገሮች በዝርዝሩ ውስጥ ከሌላው ፊደል ጐልተው እንዲጻፉ አዟል። ከ14ቱ አንዱ በጎጃም የምናውቀው የግብጦ ወገን ነው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ግብጦም ላይስማማው ይችላል። ግብጦ ውሃው እየተለወጠ ሲዘፈዘፍ ምሬቱ ይወጣል እንጂ አለርጂ የሚያስነሣው ነገርም አብሮ ወጣ ማለት አይደለም።

እሽጉ እንዴት ይነበባል?

አንደኛ፤ በፊት ለፊቱ ሥዕል አትታለሉ። ሥዕሉ ለገዢ ዓይን የተሠራ ነው። ብርቱካን የተሣለበት ብስኩት ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። እሽጉን ገልብጡና ጀርባውን እዩ። በአማርኛ ‹ይዘት› ወይም ‹የተሠራበት› የሚል፥ በእንግሊዝኛ ደግሞ ‹ኢንግሪዲየንትስ› የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዝርዝር ነው የምንፈልገው።

ሁለተኛ፤ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አስነብቡ። የሚደረደረው በክብደቱ ነው፤ ብዙው መጀመሪያ፥ ጥቂቱ መጨረሻ ይጻፋል። በብስኩት ላይ የስንዴ ዱቄትና ስኳር ከፊት የሚመጡት ስለዚህ ነው። ነገር ግን ‹ከኋላ የተጻፈው ትንሽ ስለ ሆነ ምን ያደርገዋል?› አትበሉ። አለርጂ ላለበት ልጅ የጣት ጫፍ የምታህልም ትበቃለች።

ሦስተኛ፤ አንድ ምግብ ብዙ ስም እንዳለው ዕወቁ። ‹ወተት› የሚል ቃል አጣሁ ብላችሁ አትርኩ። ተማሪው ልጅ እንግሊዝኛውን ሲያነብላችሁ እነዚህን ድምፆች አዳምጡ።

ለወተት፦ ሚልክ፥ ዌይ፥ ኬዚን፥ በተር፥ ቺዝ። ዌይ ማለት እናንተ አጓት የምትሉት ነው፤ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ይጨመራል። ኬዚንም ከወተት የሚወጣ ነው።
ለእንቁላል፦ ኤግ፥ አልቡሚን።
ለስንዴ፦ ዊት፥ ሰሞሊና፥ ግሉተን። ፓስታና መኮሮኒ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴ ነው።
ለገብስ፦ ባርሊ፥ ሞልት። ሞልት ማለት ብቅል ነው።
ለኦቾሎኒ፦ ፒናት፥ ግራውንድናት።
ለአኩሪ አተር፦ ሶያ፥ ሶይ። ሌሲቲን ወይም ኢ 322 የሚባለውም ብዙ ጊዜ ከአኩሪ አተር ይወጣል፤ ከእንቁላል የሚወጣም አለ።
ለሰሊጥ፦ ሰሰሚ፥ ታሂኒ። ሐላዋም የሚሠራው ከሰሊጥ ነው።
ለዓሣ፦ ፊሽ።

ከዐረብ አገር የሚላከው ዕቃ ላይ በዐረብኛ ብቻ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ዐረብኛ የሚያነብ ጎረቤት ካለ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፤ ወተት ሐሊብ፥ እንቁላል በይድ፥ ስንዴ ቀምሕ፥ ኦቾሎኒ ፉል ሱዳኒ፥ ሰሊጥ ሲምሲም፥ ዓሣ ሰመክ ይባላል። ዕቃውን ለምትልከው ዘመድም የልጁን ነገር በስልክ ንገሯት፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ አንብባ ትግዛ።

አስም ያለበት ሰው በቤታችሁ ካለ ደግሞ ቍጥሮችን ተመልከቱ። ከኢ 220 እስከ ኢ 228 ያሉት ሰልፋይት የሚባሉ የምግብ ማቈያዎች ናቸው፤ በደረቀ ፍራፍሬና በአንዳንድ መጠጥ ውስጥ ይገኛሉ፤ የአንዳንድ ሰው አስም ይቀሰቅሳሉ።

አራተኛ፤ ከዝርዝሩ በታች ‹ሊኖረው ይችላል› የሚል ማስጠንቀቂያ እንዳለ እዩ። በእንግሊዝኛው ‹ሜይ ኮንቴይን› ይላል። ይህም በዚያው ፋብሪካ፥ በዚያው መኪና ሌላ ምግብ ይሠራበታልና ጥቂት ሊነካካው ይችላል ማለት ነው። አለርጂ ያለበት ልጅ ይህን እንደ ቀልድ ማየት የለበትም። ማስጠንቀቂያው ስላልተጻፈም ፈጽሞ አልተነካካም ማለት አይደለም።

ስለ ጾም ምግብም ይህን እንጨምር። ‹ለጾም የሚሆን› የተባለ ብስኩት ወተትና እንቁላል ያልገባበት ነው ተብሎ ይሸጣል። ይህ ጿሚውን ያገለግለዋል። ነገር ግን ወተት በተሠራበት መኪና አለመሠራቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ ወተት ለማይስማማው ልጅ የጾም መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ጽሑፉ ይነበብ።

አምስተኛ፤ በገዛችሁ ቍጥር አስነብቡ። ‹ይህንን ብስኩት ባለፈው ወር በልቶት ምንም አላደረገውም› ብሎ መተማመን አይገባም። ፋብሪካው መልኩን ሳይለውጥ ውስጡን ሊለውጠው ይችላል። አንድ ጊዜ ከመግዛታችሁ በፊት ከሱቁ በር ላይ፥ ሁለተኛ ጊዜ ከመክፈታችሁ በፊት ከቤት ይነበብ።

ስድስተኛ፤ ጽሑፍ የሌለውን ለዚያ ልጅ አትስጡ። ባለ ሱቁ እሽጉን ከፍቶ ብስኩቱን በነጠላ፥ የወተት ዱቄቱን በማንኪያ እየሰፈረ በወረቀት ጠቅልሎ ሲሸጥ ምስክሩ ጠፍቷል ማለት ነው። ለሌሎቹ ልጆች ጉዳት ላይኖረው ይችላል፤ አለርጂ ላለበት ግን የማይታወቅ ምግብ ነው።

ፊደል ያልቈጠረች እናት ምን ታድርግ?

‹እኔ ማንበብ አልችልም፤ ይህ ሁሉ ትምህርት ለተማረ ሰው ነው› የምትል እናት እንዳለች እናውቃለን። እኅታችን፤ ለአንቺም መንገድ አለሽ። የልጅሽ ሕመም ከታወቀ በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም አስተማሪውን ለምነሽ የዚያን ምግብ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም በጠንካራ ወረቀት ላይ በትልቁ አስጽፊ። ወረቀቱን ከመቀነትሽ ወይም ከገንዘብ ከረጢትሽ አትለዪው። ሱቅ ስትሄጂ ወረቀቱን ከእሽጉ ጀርባ ጐን ያዢና መልኩን አስተያዪ። የቀሚስን ጥለት ከጥለት አስተያይታ ልዩነቱን የምታውቅ እናት፥ የፊደልንም መልክ ለማስተያየት አያቅታትም። ከዚያም ተማሪ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልሽ አድርጊ። ሁለት ዓይን ካየው መሳሳቱ ይቀንሳል። ለልጁም ቢሆን ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ በትምህርት ቤት የተማረው ፊደል የወንድሙን ሕይወት ሲጠብቅ ያያልና።

ከቤት ውስጥስ?

እሽጉ በደንብ ተነብቦ ሳለ በቤት ውስጥ ባለ ጥንቃቄ ጕድለት ልጅ ይጐዳል። የወተት ዱቄት ጣሳ ባዶ ሲሆን በርበሬ ወይም ሽሮ እናስቀምጥበታለን። ጣሳው በደንብ ካልታጠበ የወተቱ ትርፍራፊ ከሽሮው ጋር ይቀላቀላል። በሌላ በኩል ደግሞ ከውጭ የተጻፈውና በውስጡ ያለው ስለማይገናኝ ሰው ይሳሳታል። ስለዚህ ጣሳውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ፤ የድሮውን ጽሑፍ ልጡና በውስጡ ያለውን አዲስ ጻፉበት። ለአለርጂ በውሃ ብቻ ማለቅለቅ አይበቃም፤ ሳሙና ያስፈልጋል። ለእጅም እንዲሁ ነው፤ ኦቾሎኒ የፈለፈለ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ሕፃኑን አይንካ።

ሙቀጫና ወፍጮም አሉ። ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ በተወቀጠበት ሙቀጫ ለዚያ ልጅ ምንም አይወቀጥለት። እንጨቱ ዘይቱን ስለሚመጥጥ ማጽዳቱ ያስቸግራል፤ ቢቻል ለብቻው ትንሽ ሙቀጫ ይኑረው። ስንዴ ለማይስማማው ሰው ጤፍ ሲፈጭም ወፍጮው ውስጥ የቀረ የስንዴ ዱቄት አለ። ባለ ወፍጮውን ለምናችሁ መጀመሪያ ሌላ ጤፍ ይፈጭበት፤ የእናንተን ከዚያ በኋላ አስገቡ።

የጉርሻ ነገርም አሳሳቢ ነው። በአገራችን የሰው ልጅ ሲመጣ ሳያጐርሱ መስደድ ነውር ነው። ጎረቤት፥ አያት፥ የክርስትና እናት፥ ባለ ሱቁ ሳይቀር ለልጅ ያቀምሳል። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ እንዲጠፋም አንፈልግም። ነገር ግን ልጁ ከማንም እጅ ሲቀበል ‹እናቴን ልጠይቅ› እንዲል ከሕፃንነቱ አስተምሩት። ይህ ድፍረት አይደለም፤ ባለጌም አያሰኘውም። እናንተም አታፍሩ። ለጎረቤት፥ ለአያት፥ ለአስተማሪው ‹ይህ ልጅ እንቁላል አይስማማውም፤ ብስኩትም ሳይነበብ አይሰጠው› ብላችሁ በግልጽ ንገሩ። ደብቃችሁት ልጁ በድግስ መካከል ከሚወድቅ፥ ተናግራችሁ ቢታዘባችሁ ይሻላል።

ሕመሙ ሲነሣ

ልጁ ገላው ላይ ሽፍታ ብቻ ቢወጣበት ምግቡን ከአፉ አስተፉት፥ አፉንና እጁን እጠቡት፥ አጠገቡ ሆናችሁ ጠብቁት፤ ወደ ጤና ሠራተኛም ውሰዱት። ነገር ግን ትንፋሽ ካጠረው፥ ድምፁ ከተዘጋ፥ ምላሱ ወይም ጉሮሮው ካበጠ፥ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ከገረጣና ከዛለ ጊዜ የለም። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በእግሩ አታስሄዱት፥ አታስቁሙት፤ ቆሞ ሲሄድ ደሙ ከልቡ ሊርቅና ድንገት ሊወድቅ ይችላል። በቃሬዛ አጋድማችሁ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ ተሸከሙት። ትንፋሽ የቸገረው ከሆነ ደግፋችሁ አስቀምጡት። ራሱን ከሳተ ወይም ካስመለሰው በጐኑ አስተኙት። በአፉ አረቄም፥ ሎሚም፥ ነጭ ሽንኩርትም አትስጡት፤ ጣት ከጉሮሮው ከታችሁ አታስመልሱት። የማሳከክ ክኒንም ብቻውን የመርፌውን ሥራ አይሠራም። መርፌውን ተወግቶ ቢሻለውም ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሐኪሙ ሳያሰናብተው አትመለሱ።

ከሁሉ ይልቅ እሽጉን አትጣሉ። የበላውን ምግብ ላስቲክ ወይም ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ከእሱ ላይ አንብቦ ልጁን የጐዳውን ለይቶ ለማወቅ ይረዳዋል።

ያለ ማስረጃ ምግብ አትከልክሉ

እስካሁን ተጠንቀቁ ስንል ቆይተናል። አሁን ደግሞ ስለ ሌላው አደጋ እንናገራለን፤ እሱም ከፊተኛው አያንስም። በአገራችን በምግብ እጥረት የሚጐዳው ልጅ በአለርጂ ከሚጐዳው ይበዛል። እናት ይህን ንግግር ሰምታ ልጇ አንድ ቀን ስላስቀመጠው ብቻ ወተትና እንቁላል ብትከለክለው፥ ጠበቅሁት ብላ ጐዳችው ማለት ነው። ብዙው ተቅማጥ የሚመጣው ከቆሻሻ ውሃና እጅ፥ ከተዋሲያን ነው። ስለዚህ ምግብ ከመከልከል በፊት ጤና ሠራተኛ ይጠየቅ። ያው ምግብ በተበላ ቍጥር ያው ምልክት ይመጣል ወይ? ከስንት ጊዜ በኋላ? ይህን አስተውላችሁ ንገሩት። ‹እስቲ ልሞክረው› ብላችሁ ግን ሕመም ያስነሣበትን ምግብ በቤት አትስጡት።

በወተት ነገር ሁለት ዓይነት ሕመም አለ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው ይነፋል፥ ያስቀምጣቸዋል። ይህ በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የሚባል ስኳር ለማድቀቅ አለመቻል ነው፤ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። እንዲህ ያለው ሰው እርጎ ብዙ ጊዜ ይስማማዋል። የወተት አለርጂ ያለበት ግን ወተቱንም፥ እርጎውንም፥ አይቡንም፥ ቅቤውንም መጠንቀቅ አለበት። ሁለቱን የሚለይ ሐኪም ነው። የእናት ጡት ግን ያለ ሐኪም ምክር በምንም ምክንያት አይቋረጥ።

በስንዴም እንዲሁ ሌላ ሕመም አለ፤ ሴሊያክ ይባላል። ይህ በደቂቃ የሚነሣ ሳይሆን ቀስ እያለ አንጀትን የሚጐዳ ነው። ልጁ ሆዱ ይነፋል፥ ተቅማጡ አይቋረጥም፥ ይከሳል፥ ደሙ ያንሳል። ምክንያቱ ስንዴ መሆኑን ያሳዩት ዊለም ዲከ የሚባሉ የሆላንድ አገር የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ነገሩን ከጦርነቱ በፊት ጀምረው ሲመረምሩ ቈይተው በ1950 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈው አቀረቡት። ጐጂው በስንዴ፥ በገብስና በእነርሱ ወገን እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ነገር ነው። እዚህ ላይ አገራችን ታድላለች፤ ጤፍ ግሉተን የለውም። ሴሊያክ ያለበት ሰው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ይበላል፤ ገብስ ወይም ስንዴ የተደባለቀበትን ግን አይበላም። ሆኖም ደሙ ሳይመረመር ስንዴ አትከልክሉት፤ ምርመራው የሚያሳየው ሰውየው ስንዴ እየበላ ሳለ ነው።

‹ለሕፃን ኦቾሎኒና እንቁላል ዘግይቶ ይሰጥ› የሚል አሳብም ዱሮ ነበረ። ዛሬ ተለውጧል። በሎንዶን አለርጂ ሊይዛቸው የሚችል 640 ሕፃናት ለሁለት ተከፍለው፥ ግማሾቹ ከመጀመሪያ ዓመታቸው ጀምሮ ኦቾሎኒ ያለበት ምግብ እየበሉ፥ ግማሾቹ ሳይበሉ እስከ 5 ዓመታቸው ተጠበቁ። ውጤቱ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲታወቅ የኦቾሎኒ አለርጂ የያዛቸው ከበሉት ይልቅ ያልበሉት በብዙ እጥፍ በዝተው ተገኙ። ስለዚህ ልጅ 6 ወር ሲሞላው ከጡት በተጨማሪ ልዩ ልዩ ምግብ ይቅመስ። ኦቾሎኒው ግን ደቅቆ፥ በገንፎ ተለውሶ እንጂ ፍሬው እንዳለ አይሰጥ፤ ያንቀዋልና። አስቀድሞ ምግብ ያሳበጠው ወይም ከባድ የቆዳ ችፌ ያለበት ሕፃን ከሆነ መጀመሪያ ጤና ሠራተኛ ይማከር።

በጤና ጣቢያ ለከሳ ልጅ የሚሰጠው ፕላምፒነት የሚባለው 92 ግራም እሽግም የሚሠራው ከኦቾሎኒ፥ ከወተት ዱቄት፥ ከስኳርና ከዘይት ነው። እጅግ የከሱ ሕፃናትን ሕይወት የሚያድን ምግብ ስለ ሆነ ይህን ሰምታችሁ አትፍሩት፥ አትመልሱት። ልጁ ኦቾሎኒ ወይም ወተት ቀድሞ ያሳበጠው እንደ ሆነ ብቻ ከመውሰዳችሁ በፊት ለሰጪዋ ንገሯት።

አንድ ምግብ በሐኪም ቃል ሲከለከል ደግሞ በምትኩ ሌላ ይግባ። እንቁላል የተከለከለ ልጅ ከባቄላ፥ ከሽምብራ፥ ከምስር፥ ከሥጋ ኃይሉን ያግኝ። የተከለከለውን ብቻ እንጂ ዘመዱን ሁሉ አትከልክሉት። ወተትና እንቁላል የማይስማማቸው ብዙ ሕፃናት ሲያድጉ ይተዋቸዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው ሐኪም ይያቸው።

እንግዲህ ውድ እናቶች፤ የነገርናችሁ ሲጠቃለል ይህ ነው። ልጁን የጐዳው ምግብ በጤና ሠራተኛ ይለይ። የተለየው ምግብ ስም በወረቀት ይጻፍ። እሽግ ሁሉ በተገዛ ቍጥር ይገልበጥ፥ እስከ መጨረሻው ይነበብ። ጽሑፍ የሌለው ለዚያ ልጅ አይሰጥ። ዕቃው በሳሙና ይታጠብ። ጎረቤትም አስተማሪም ይወቅ። ትንፋሽ ሲያጥረው ወደ ጤና ጣቢያ በሸክም ይሂድ፤ እሽጉም አብሮ ይሂድ። ያልጐዳው ምግብ ግን ከመሶቡ አይነሣበት።

አባቶቻችን ‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም› ብለዋል። እኛም ለዛሬ ዘመን ገበያ ከመጉረስ ማንበብ ይቅደም እንላለን። ዛሬ ማታ ከቤታችሁ ስትገቡ በመደርደሪያው ላይ ያለውን አንድ እሽግ አንሡና ተማሪው ልጃችሁ ጀርባውን ያንብብላችሁ። ያልገባችሁን ቃል ይዛችሁ በሚመጣው ስብሰባ እንገናኝ።